ጫማዬን ያወለቅኩበት አዳራሽ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ዩክሬናዊት ጎረቤቴ ኦክሳና ፎርም ይዛ በሬን አንኳኳች። እዚህ የለንደኑ ሰፈራችን ስትሪትሃም ውስጥ ፎርም የማይሞላ ሰው የለም፤ እኔም ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ የሕንፃው ጸሐፊ የሆንኩ ይመስል ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። የኦክሳና ግን የቤት ኪራይም የቪዛም ጉዳይ አልነበረም። በትውልድ መንደሯ ያለውን የሕዝብ አዳራሽ አፍርሰው መጋዘን ሊሠሩበት ነው። በቅርስነት ከተመዘገበ ይተርፋል፤ እዚህ ለንደን ያለ አንድ ማኅበርም ሊረዳቸው ፈቃደኛ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ “ሕንፃው ለአካባቢው ሰው ያለው ዋጋ ምንድን ነው?” ይላል።

“ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር ብለሽ ጻፊ” አለችኝ። እነሱ አገር ስለተማርኩ በሩሲያኛ ታወራኛለች፤ እኔ ግማሹን በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። “ጭፈራውን ግን ተይው። በሶቪየት ጊዜ መጨፈሪያ አድርገውት ነበር። ያሳፍራል።”

ስልኳን አቀበለችኝ። በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በምሥራቅ በኩል ክብ ሆኖ የወጣ ጀርባ። የማውቀው መንደር አይደለም፤ እኔ የማውቀውም ግን እንዲሁ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ደርግ እርሻ እንድማር ወደ ዩክሬን ልኮኝ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በየመስከረሙ ተማሪው ሁሉ በጭነት መኪና እየተጫነ ለድንች ለቀማ ገጠር ይወርዳል። ጥቁሩ ጭቃ ቦቲ ከእግር ይነቅላል። ጠዋት ድንች በእንስላል፣ ማታ ድንች በእርጎ፤ እስከ ዛሬ እንስላል ሲሸተኝ ወገቤን ያመኛል።

አለቃችን መላኩ የሚባል የአገራችን ልጅ ነበር፤ የተማሪዎቹ ካድሬ። ማን እንዳማተበ፣ ማን እንደጾመ ከሱ የሚያመልጥ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዲት ጓደኛችን ትራሷ ሥር የማርያም ሥዕል ተገኘባትና በሳምንቷ ወደ አገር ቤት ተሳፈረች። ቦሌ ማን እንደተቀበላት፣ ከዚያስ የት እንዳደረሷት እስከ ዛሬ አልሰማንም። እኔም በልቤ ያለውን በልቤ ይዤ፣ አፌን ዘግቼ መመረቅን ብቻ ነበር የምመኘው።

ለቀማው ያለቀ ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት፣ መንደሩ ሊያመሰግነን አዳራሹ ውስጥ ድግስ አዘጋጀ። ዝናብ ነበር። ከተማሪዎቹ ሁሉ ቀድሜ እየሮጥኩ ደረስኩና ደፉን ተሻገርኩ። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ከእንጨቱ የሰም ሽታ ይመጣል። ምንም አላሰብኩም፣ እውነቴን ነው። ልብ ስል ቦቲዬን አውልቄ በሩ ሥር አስቀምጬ፣ በካልሲ ቆሜያለሁ።

“ጓዲት፣ ምነው ጫማሽን?” አለ መላኩ ከኋላዬ።

በሩ በሱ ተዘግቷል፤ ፊት ለፊቴ መንደርተኛው ሁሉ ተቀምጦ ያየኛል። መግቢያም መውጫም አጣሁ።

“እኔ ነኝ አውልቂ ያልኳት!” የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ባባ ሃና ናቸው፤ ባባ ማለት እዚያ አገር አያት ማለት ነው። የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። መጥረጊያቸውን አንስተው መጡ። “ከጠዋት ጀምሮ ስፈትግ የዋልኩትን ወለል በጭቃ ልታለብሱብኝ ነው? ሁላችሁም አውልቁ!”

የመንደሩ የኅብረት እርሻ ሊቀመንበር ሜዳሊያውን እንደደረደረ ጎንበስ ብሎ አወለቀ፤ አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ አለ። መላኩም አወለቀ። ግን አልተዋጠለትም።

“እንግዲያው ጭፈራውን አንቺ ትከፍቻለሽ” አለኝ በአማርኛ። “እዚያ ላይ ውጪና እስክስታ አሳዪያቸው።”

“እዚያ” ያለው መድረኩን ነው። መድረኩ የተሠራው በክቡ ግድግዳ ውስጥ፣ መቅደሱ በነበረበት ላይ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት እግሯን የማታሳርፍበት ቦታ። እምቢ ብል እጄን ለመላኩ ሰጠሁ ማለት ነው፤ እሺ ብል ደግሞ እናቴ ያሳደገችኝ ነገር ሁሉ በእግሬ ሊረገጥ ነው።

ባባ ሃና ክንዴን ይዘው ወደ መድረኩ እየወሰዱ በገዛ ቋንቋቸው አንሾካሾኩልኝ።

“ውጪ ልጄ። እኔ እዚህ ነው የተጠመቅኩት። የማዶ መንደር ሰዎች አንጨፍርበትም ብለው እምቢ አሉ። አፈረሱባቸው፤ በጡቡ የላም በረት ተሠራበት። እኛ እየጨፈርን ነው ጣሪያውን ያስጠገንነው።”

ወጣሁ። አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰው ዜማችንን ስለማያውቅ የራሱን መታ። ትከሻዬ ጨፈረ፣ ልቤ “ይቅር በለኝ” ይላል፣ መላኩ ያጨበጭባል። ታች አሮጊቶቹ አያጨበጭቡም ነበር፤ እጃቸውን አጣምረው፣ በባዶ እግራቸው ቆመው ያዩኛል።

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ለንደን ከመጣሁ በኋላ፣ ክላፋም አካባቢ አዳራሽ ተከራይተን ስንጸልይ፣ ቅዳሜ ልደት ያከበሩ ሰዎች የተዉትን ፊኛ ከጣሪያው እያወረድን ጸሎት ስንጀምር፣ ባባ ሃና ትዝ ይሉኝ ነበር። የመንደሩን ስም ግን ልረሳው ስለፈለግኩ ረስቼዋለሁ። ይቁም ይፍረስ የምጠይቅበት የለኝም።

ለኦክሳና ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ እስክሪብቶዬን አንስቼ በሦስተኛው ጥያቄ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሰዎች ስለጨፈሩበት እስከ ዛሬ ቆሟል።”

“ሁለተኛውን ሰርዢው” አለችኝ። “ይንቁናል።”

“አልሰርዝም!”

ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ለመላኩ ያላልኩት እምቢታ አርባ ዓመት ቆይቶ፣ ስትሪትሃም ኩሽናዬ ውስጥ፣ ምንም ባላጠፋች ጎረቤቴ ላይ ወጣ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ኦክሳና ፎርሙን ወደ ራሷ ስባ ቀስ ብላ ፈረመችበት።