ቆጥ ላይ የከረመው ዲቪዲ

ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ግማሹ ጥገና፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ነው። "ፋይላችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ፍላሽ ብቻውን አይታመንም" ስል እውላለሁ። ማንም አይሰማኝም። እኔም ራሴን አልሰማሁም።

የሠርጌ ዲቪዲ ሁለት ቅጂ ነበረው። አባቴ ከሠርጌ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አረፈ፤ ድምፁ የተቀረጸው በዚያ ፊልም ላይ፣ ሲመርቀን ብቻ ነው። አንዱን ቅጂ ደካ የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ አይታ ልትመልስ ወስዳ በዚያው አስቀረችው። ተቀይሜያት ኖርኩ። የእኔን ግን በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ኮምፒውተር ላይ መገልበጡ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ዛሬ ነገ ስል ሰባት ዓመት ሄደ።

አምና ክረምት ልጄ "አያቴን አሳዪኝ" ስትለኝ አወጣሁት። እርጥበቱ ላስቲኩ ውስጥ ታፍኖ ዲስኩ ሻግቷል። በጥጥ ብወለውለው ሽፋኑ ከነሻጋታው ተላጠ። በሙያዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዲቪዲ የሚያነብ አሮጌ ላፕቶፕና ፍላሽ ይዤ ደካ ሄድኩ። አክስቴ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ፣ ከዘር በቆሎው መሃል፣ ጥላሸት የለበሰ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች።

"እሳት ላይ?" አልኳት ደንግጬ።

"ዘሬ የሚከርመው እዚያ አይደል? አንቺስ የት አስቀመጥሽው?"

ቆርቆሮውን ተቀብዬ ከፈትኩት። ዲስኩ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ከማየቴ በፊት ላፕቶፑም ፍላሹም ላይ ገለበጥኩት።

ከዚያ ከፈትኩት። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ብድግ አለና በቋንቋችን በካፊኖኖ መመረቅ ጀመረ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ይቸኩላል። እኔ የማውቀው የአባቴ ድምፅ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው። ፊልሙን አቁሜ "ጭሱ ድምፁን አበላሽቶታል" አልኩና ላፕቶፑን እነካካ ጀመር።

"ምኑ ተበላሸ?" አለች አክስቴ፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። "ወንድሜ እንዲህ ነበር የሚናገረው።"

ወደፊት አሳልፌ አዳመጥኩ። የባለቤቴም የእኔም ድምፅ ትክክል ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲከፋኝ በሐሳቤ ሲያጽናናኝ የኖረው ያ ወፍራም ድምፅ የማን እንደሆነ አላውቅም። አለቀስኩ። ከዚያ የአባቴን ድምፅ ለመልመድ ፊልሙን ከመጀመሪያው ከፈትኩት።