ቀላል ምጥ

መድና ሙመድ ሠላሳ ዓመት ያዋለደች ሴት ናት። በሰፈሯ በገንደ ቆሬ ጎረምሳ ሲያስቸግራት፣ “እትብትህን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?” ትለዋለች፤ ጭጭ ይላል። እጇ ላይ እናት ሞታባት አታውቅም። ምስጢሩን ከጠየቋት አትደብቅም፦ ሰባተኛው ወር ሲገባ የነፍሰ ጡሯን ምግብ ትቀንሳለች። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቀጭን ሾርባ ብቻ። ልጁ ትንሽ ሆኖ እንዲወጣ። መድና ገና ልጅ ሳለች እህቷ ትልቅ ልጅ አልወጣ ብሏት ሦስት ቀን አምጣ ሞታለች። ምን ይደረግ፣ ፈርታ ነው።

በ1980 ክረምት የልጇ የዓብዲ ሚስት፣ ቱሪያ፣ ስምንት ወሯ ነበር። ባቡር ላይ የሚሠራው ዓብዲ ወደ ድንበሩ ጣቢያ ወደ ደወሌ ሲሄድ፣ እናቱን “አደራ፣ ሆስፒታል አሳያት” ብሏት ወጣ። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ የሚያሳይ መሣሪያ፣ አልትራሳውንድ የሚሉት፣ መጥቷል ተብሎ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነበር። መድና እያጉረመረመች ወሰደቻት።

ዶክተር ሣህሉ የቱሪያን ሆድ ቅባት ቀብቶ፣ ስክሪኑ ላይ የልጁን ራስ ለካ፣ ሆዱን ለካ፣ የጭኑን አጥንት ለካ። ደግሞ ለካ።

“ልጁ ትንሽ ነው” አለ በመጨረሻ።

“አልሐምዱሊላህ” አለች መድና።

ዶክተሩ ዞር ብሎ አያት። “እናቴ፣ ይሄ የሚያስደስት አይደለም። ራሱ ደህና ነው፣ ሆዱ ግን ቀጥኗል። ምግብ እያጠረው ነው ማለት ነው። እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች ገላቸው አይሞቅም፣ ጡት ለመሳብም አቅም ያጣሉ። ምን ትበላለች?”

ቱሪያ አማቷን አየች።

“ያሻትን ትበላለች” አለች መድና። ከሰባተኛው ወሯ ጀምሮ የሰጠቻት ግን ቀጭን ሾርባ ብቻ ነበር።

“እንግዲያው ጨምሩላት። በአሥረኛው ቀን አምጧት፣ መውለድ ያለባትም እዚሁ ነው።”

እቤት ሲገቡ ቱሪያ፣ “አዮ፣ ወተት ልጠጣ እንዴ?” አለቻት። አዮ፣ እናቴ ለማለት፣ የሚሏት ልጆቿም ምራቷም ናቸው። መድና የሾርባውን ድስት ጣደች። ዛሬ ወተት ብትሰጣት፣ እስካሁን ያስራበቻቸው ሴቶች ምን ሊባሉ ነው? በሳምንታቸው የሞቱት ሕፃናትስ፣ “የአላህ ሥራ ነው” እያለች በከፈን ጠቅልላ የሸኘቻቸው? እነሱን ላለማሰብ ስትል ሾርባውን እንደ ወትሮው አቀጠነችው።

በአሥረኛው ቀን ወደ ሆስፒታሉ ሲሄዱ የሚሻገሩት ወንዝ፣ ደቻቱ፣ ሞላ። ድልድይ አለ፣ ሰው ሁሉ ይሻገራል። መድና ግን፣ “ወንዙ ሞልቷል፣ ዛሬ አይሆንም” አለች። በማግስቱ ውሃው ጎደለ። ስለ ቀጠሮው ያነሳ ሰው አልነበረም።

ምጡ አርብ ጠዋት መጣ፤ ፀሐይ ሳትበረታ አለቀ። ወንድ ነው። መድና መዳፏ ላይ ስታስተኛው ክብደቱ አልተሰማትም። ቆዳው እንደ ሽማግሌ ተጨማዷል፣ ጣቶቹ በረዶ ናቸው። ጀርባውን አሸችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው፣ ጡት አስያዘችው። አፉን ከፈተ እንጂ አልሳበም።

ቱሪያ ላቧን እየጠረገች ፈገግ አለች። “አዮ፣ እውነትሽን ነው፤ እንዳልሽው ቀላል ነበር።”

መድና ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ቱሪያን ለጎረቤት ትታ ወደ ድልድዩ ሮጠች። ከሥር ደቻቱ ደርቋል፤ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ።

ዶክተር ሣህሉ ሕፃኑን ተቀብሎ ደረቱን ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣና ቀስ ብሎ የሕፃኑን ፊት በጨርቁ ሸፈነው።

“ያሻትን አልበላችም” አለች መድና፣ ማንም ሳይጠይቃት።