የቁልቁለት ከበሮ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የልጃችንን የከበሮ ማንገቻ ማሳጠር ነበር። እኔ ቆዳውን ወጥሬ ያዝኩ፤ እሱ ምስማር ከሰል ላይ እያጋለ በሳው። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ትልቁ ከበሮ ጉልበቷን እየመታ አላራምዳት ብሎ ነበር።

"እናትሽን ብታዪያት" አላት፣ ዓይኑን ከምስማሩ ሳያነሳ። "ከበሮው ነበር እሷን የሚሸከማት።"

እውነቱን ነው። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትልቁን ከበሮ እመታ ነበር። እሱ መንገድ ዳር ቆመው ከሚስቁብን ተማሪዎች አንዱ ነበር።

የደሴ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዳገቱ አያስቸግርም፤ ሁሉም ይደክመውና ዝግ ይላል። ቁልቁለት ላይ ግን እግር ይቀድማል። በመጀመሪያ ሰልፌ ወደ ፒያሳ ስንወርድ እጄ እግሬን ተከተለ፣ ባንዱ ደግሞ እጄን። ታች ስንደርስ ሁላችንም እየሮጥን ነበር። አንዲት ጎመን ሻጭ ማን አባረራችሁ ብላ ጠየቀችን። አሠልጣኛችን አልተቆጣም፤ ያንኑ ቁልቁለት ደጋግሞ እያስወረደ፣ እግር ሲቸኩል እጅን ማቆየት አስተማረኝ። ሰሃን ይዤ እንኳ የምሮጥ ቁንጥንጥ ልጅ ነበርኩ። መርጋትን ከዚያ ተማርኩ፤ ያውም እየተራመድኩ። ተቀምጦ መርጋትን ግን ማንም አላስተማረኝም።

ማንገቻውን ባሳጠርን ማግስት ባለቤቴ ኮምቦልቻ ሥራው ላይ እንዳለ ወድቆ ሞተ፤ አላህ ይርሐመው። እኔም ዒዳ ተቀመጥኩ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀኗን እስክትጨርስ ከቤት አትወጣም። ሰው ሲመጣ እቀመጣለሁ፤ ሲሄድ ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። ቁርአን ከፍቼ ገጹን ሳልጨርስ እነሳለሁ። ልጄ ከበሮውን በሻርፕ ሸፍና ጥግ አስቀምጣዋለች።

ከዚያ መምህሯ ላከባት። ቅዳሜ ኮምቦልቻ የትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር በእነሱ ማርሽ ባንድ ይከፈታል፤ ካልመጣች ከበሮው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። አልሄድም አለች። የባለቤቴ ታላቅ እህት ከሐርቡ መጥተው አብረውን ሰንብተዋል፤ ደግ አደረግሽ አሏት። የአባቷ አፈር ሳይደርቅ አደባባይ ወጥታ ከበሮ ብትመታ ምን ይባላል?

እኔ ግን ምሳ ስታቀርብ ጣቶቿ ትሪው ላይ ምት ሲይዙ አይቻለሁ።

"እትዬ፣ ሐዘኑን እኔ ተቀምጬ እይዘዋለሁ። እሷ ትሂድ" አልኳቸው።

"ሰውስ?"

"ሰው እኔን መጥቶ ይጠይቅ። የትም አልሄድም።"

እሳቸውም ማን ይዟት ሊወርድ ነው፣ በሚኒባስ ብቻዋን ልትልኪያት ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ቅዳሜ ጠዋት ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ሲጠብቋት አገኘናቸው።

እንደዚያ ቀን ቤት ጠቦኝ አያውቅም። ዕቃ አጠብኩ፤ የታጠበውን መልሼ አጠብኩ። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ እትዬ የኮምቦልቻን ሙቀት አማረሩ፤ ወንበር የሚለቅ ሰው ጠፋ ብለውም አዘኑ። ስለ ልጄ ጠየቅኳቸው።

"ወላሂ፣ አለቀሰች" አሉኝ። "እጇ ግን አልቆመም።"

ዒዳዬ አልቋል። ቤት መቀመጥ እስካሁን አይሆንልኝም። ልምምድ ባላት ቀን ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ሲጨርሱ ከበሮውን በአንድ በኩል ይዤላት ወደ ቤት እንወጣለን።