ሐኪም ጋራን በፊቷ

ለገሠን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሐረር ሁሉ «የኋሊቱ» ነበር የሚለው። እኔም ጎረቤቱ ሆኜ እንደዚያው ስጠራው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ስሙ የወጣለት በመኪናው ነው። ከጠላት ወረራ በፊት የመጣች አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው፤ ከሸዋ በር እስከ ሐኪም ጋራ አናት ሰው ያመላልስባታል። የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ከመቀመጫው ሥር ሲሆን ፓምፕ የሚባል ነገር የላትም፤ ቤንዚኑ በራሱ ቁልቁል እየፈሰሰ ነው ሞተሩ ጋ የሚደርሰው። ፊቷን ወደ ዳገት ካቀናች ግን ሞተሩ ከማጠራቀሚያው በላይ ይሆንና ቤንዚን አይደርሰውም፤ ቀጥ ትላለች። ስለዚህ ለገሠ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ያዞራትና በኋላ ማርሽ ይወጣል። ተሳፋሪው ከተማውን ቁልቁል እያየ ሲሄድ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን።

በ1954 ዓ.ም. አንድ የትራፊክ መቶ አለቃ መጣና ታርጋዋን ፈታ።

«በፊቷ ዳገት የማትወጣ መኪና ሰው አትጭንም። አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ፤ ካልወጣች ለቁርጥራጭ ብረት ሽጣት» አለው።

ለገሠ ከእሷ ሌላ እንጀራ የለውም። እኛ ጎረቤቶቹ ደግሞ ደግ የሠራን መስሎን «ተዋት፣ ጊዜዋ አልፏል» አልነው። ያን ጊዜ ነው ደሙ የፈላው።

«ሞተሯ እንጂ እሷ አላረጀችም!» ብሎ ድሬዳዋ ወረደ። ተገልብጣ ከተጣለች አዲስ መኪና ሞተሩን ከነማርሹ አስጭኖ መጣ። አልገባ ሲለው ብረቱን ቆረጠ፣ በየደ፣ እንደገና ቆረጠ። አዲሱ ሞተር የራሱ ፓምፕ ስላለው ቤንዚኑን ከታች ስቦ ያመጣል። ቤንዚኑ የሚያልፍበትን የመዳብ ቱቦ የሠራለት የጀጎሉ ብረት ሠሪ ሽማግሌ አው ዐብዱሰመድ ናቸው። አሮጌው የማጠራቀሚያ ክዳን የተሳፋሪ ቀሚስ ላይ ቤንዚን ይረጭ ነበርና እሱንም በአዲስ ቀየሩት፤ ዙሪያውን ቆዳ አልብሰው ጥርቅም አድርገው ገጠሙት።

«ከእጄ የወጣ ዕቃ ውሃ አያፈስም፣ ትንፋሽም አያሳልፍም» አሉ በኩራት።

ቀኑ ደረሰና መቶ አለቃው ታርጋዋን ይዞ ዳገቱ አናት ላይ ቆመ። ከተማው ለሳቅ ወጥቷል፤ እኔም አለሁበት። መኪናዋ እያጓራች በፊቷ ወጣች፣ ወጣች፣ እኩሌታው ላይ አሳላትና ጸጥ አለች።

«አዙራት! አዙራት የኋሊቱ!» አለ ሕዝቡ።

«አዙርና እንደ ልማድህ ና!» ብሎ መቶ አለቃውም ከላይ ጮኸ።

«ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላዞራትም!»

ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገባና ቤንዚኑን ለማየት ክዳኑን ከፈተ። ማጠራቀሚያው «ፉሽሽ» ብሎ አየር ሳበ። ለገሠ ክዳኑን እንደያዘ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ወደሚያዩት ሽማግሌ ዞረ።

«አው ዐብዱሰመድ፣ ፓምፑ ቤንዚን ሲስብ በምትኩ አየር መግባት ነበረበት። ክዳንዎ አንቋታል። ይብሱልኝ።»

«ቀዳዳ ያለው ዕቃ ከእኔ እጅ? አስተግፊሩላህ!»

«ካልበሱት ታርጋዬን አላገኝም።»

አው ዐብዱሰመድ ክዳኑን አገላብጠው አዩት። ከዚያ የሚስቀውን ሕዝብ፣ ከሕዝቡም መሐል እኔን አዩ። ተቆጡ። ምስማርና መዶሻ ተቀብለው «ቢስሚላህ!» ብለው በሱት።

«ወላሂ፣ ለሌላ ሰው አላደርገውም ነበር!» አሉ።

መኪናዋ ተነሣች። በፊቷ፣ ሳታቋርጥ፣ እስከ አናቱ ወጣች። አንድም የሚስቅ ሰው አልነበረም። መቶ አለቃው ታርጋውን ሰጠው፤ ለገሠም ቀስ ብሎ አሰረው።

ከዚያ እስከ ታች ወረደ። እዚያ ሲደርስ አዞራትና አው ዐብዱሰመድን ጋቢና አስቀምጦ በኋላ ማርሽ ሽቅብ ለቀቃት። መጥቶ መቶ አለቃው እግር ሥር አቆማት።

«ምን ሆነህ ነው? አሁንማ በፊቷ ትወጣለች አይደል?» አለ መቶ አለቃው።

«ትወጣለች ጌታዬ» አለ ለገሠ። «እስከ ዛሬ ቸግሮኝ ነበር። አሁን ግን ወድጄ ነው።»