በውሃ ልክ የማይተኛ ዳገት

ጎንደር ባቡር የላትም። ኖሯትም አያውቅ። እኛ ግን ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን የአሻንጉሊት ባቡር እንሠራለን። የሰፈሩ ሰው እንደ ለየላቸው ነው የሚያየን። ባለቤቴማ «ምነው እንደ ሰው ካርታ ብትጫወቱ?» ብላ ብላ ሰልችቷት ተወችው።

ነገሩን ያመጣብን የልጅነት ጎረቤቴ ነው። አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቤተሰቡ በሙሉ እስራኤል ሄዶ እዚያው ቀረ። አገሩን ሊጠይቅ ሲመጣ አንድ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ግንባሯ ላይ መብራት ያላት ጎታች ሞተር፣ ጥቂት ፉርጎዎችና እንደ ልብ የሚታጠፍ ሐዲድ ነበረበት። «አናጢ አይደለህ? መሬቱን ራስህ ሥራላት» አለኝ። አሠራሩንም ያስረዳኝ እሱ ነው። ባቡር የሚወዱ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየቤታቸው እግር ያለው ገበታ ይሠራሉ፤ በላዩ ሐዲድ፣ ተራራ፣ መንደር፣ ያሻቸውን ያደርጉበታል። ከዚያ አንድ ቀን ተሰብስበው ገበታዎቹን ጫፍ ለጫፍ በቡሎን ያስሩና አንድ ረጅም መንገድ ያወጣሉ። ገበታው ቀጥ ቢል፣ ቢጎብጥ፣ ሦስት ማዕዘን ቢሆን ግድ የለም፤ እንደየቤቱ ስፋት ነው። ሕጉ ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ የሁሉም ጫፍ ቁመቱ እኩል ይሁን፣ የቡሎኑ ቀዳዳም ይግጠም።

እኔ ጎንደርን ሠራሁ። አልጋዬና ግድግዳው መሐል መግባት ስለነበረበት ገበታዬ እንደ ክርን የታጠፈ ነው። ግንቡን ተውሁት፤ መናኸሪያውንና የራሴን የእንጨት ሥራ ቤት ብቻ አደረግሁበት። «ፋሲልን የት ጣልኸው?» ሲሉኝ «እሱን ቱሪስት ይፈልገው» እላለሁ። በደብራችን ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ የደንቢያ ሰው ናቸውና ቆላ ድባን ሠሩ፤ ሜዳውን በጤፍ ጭድ ሸፍነው እህል የደረሰበት አስመሰሉት።

ሦስተኛው አያ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ጎንደር ደባርቅ ሲመላለሱ ነው ያረጁት። ትውልዳቸው እዚያው መንገድ ላይ፣ አምባ ጊዮርጊስ ነው። «‹ወራጅ አለ› ሲሉኝ አቆማለሁ» ይሉ ነበር፤ «ሰው ሁሉ ይወርዳል። የእናቴ ቤት እየታየኝ እኔ ወደ ደባርቅ። ስንቱን አገሬ አወረድሁት፣ እኔ ግን አንድ ቀን ወራጅ ሳልሆን ቀረሁ። ጡረታ ስወጣ እናቴም የለች፣ ቤቱም የለ።» ይህን ሲናገሩ እየሳቁ ነው፤ ሳቁ ግን አያምርባቸውም ነበር።

መጀመሪያ የተሰበሰብነው እድራችን አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰብሳቢው «ለቅሶ ከመጣ ባንድ አፍታ ታነሱታላችሁ» ብለው ፈቀዱልን። የኔታና እኔ ገበታዎቻችንን አሰርን፤ ውሃ ልኩን ጣል ባደርግበት ልክክ አለ። እሰይ! ከዚያ የአያ ገበታ በጋሪ ደረሰ። ሸጋ ነገር ነበር። የእናታቸው ቤት ከነአጥሩ፣ ገበያው፣ ብርድ የሸሸ ሰው የተጠለለበት ጥግ ሳይቀር። ባሕር ዛፎቹ ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበሩ። «አያ፣ ይህ ዛፍ ነው ሰማይ?» ብዬ ቀለድሁባቸው፤ ዛፎቹን በጣታቸው ዳበሱ። ስናቆመው ደግሞ ገበታው ከእኛ በሁለት ስንዝር በልጦ ቁጭ አለ።

«ሕጉን ረሱት እንዴ?» አልሁ።

«አልረሳሁም። አምባ ጊዮርጊስን ከቆላ ድባ እኩል ላስቀምጠው ነው? እግዜር ይታዘበኛል! ዕድሜ ልኬን በአንደኛ ማርሽ ስወጣው የኖርሁትን ዳገት እናንተ በውሃ ልክ ልታስተኙት ነው?»

እኔ ቱግ ባይ ነኝ። መጋዜን አንስቼ «እግሩን ልቁረጠውና እንገላገል!» አልሁ። አያ ሁለት እጃቸውን ገበታው ላይ ጫኑ። «እግሬን ቁረጥ» አሉ። የኔታ በመሐል ገብተው «እናንተ ሰዎች፣ የእድር ቤት ነው፣ አታሟርቱ!» ባይሉ ኖሮ እንጃ። አያ ገበታቸውን አስጭነው ሄዱ።

በሳምንቱ ልጃቸው ሥራ ቤቴ መጣች። በር ላይ ቆማ እንባዋ ቀደማት። «ጋሼ፣ አባባ ዓይናቸው እየሄደ ነው፤ ቀለም እንኳ መለየት አቅቷቸዋል። የዓይን ግፊት ነው አለ ሐኪሙ፤ የጠፋው አይመለስም። እንዳትናገሪ ብለውኛል። ‹ባቡሯ ዳገቱን ወጥታ ደጃችን ስትደርስ ልይ እንጂ፣ ከዚያ ይጥፋ› ነው የሚሉት።» ሰማያዊው ባሕር ዛፍና ቀልዴ ትዝ አሉኝ።

ገበታቸውን ማሳጠር የማይታሰብ ሆነ። እንግዲያው የጎደለው ዳገቱ ነው፤ እሱን ደግሞ መሥራት ያለብኝ እኔ ነኝ። አንዱ ጫፉ ከእኛ ቁመት፣ ሌላው ከእሳቸው ቁመት እኩል ይሆናል። ሕጉም አይፈርስም። ችግሩ፣ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አትወጣም። ቀስ እያለች እንድትወጣ መንገዱ መርዘም አለበት፤ አዳራሹ ግን አጭር ነው፤ ጥጉን ደግሞ የእድሩ ድስቶች ይዘውታል። ስለዚህ ለዳገቱ ገበታ የሚሆነውን ኮምፔንሳቶ እየጎበጠ እንዲሄድ ቆረጥሁት፤ ድስቶቹን ዞሮ፣ በራሱ ላይ ታጥፎ፣ እንደገና ዞሮ ይወጣል። ገደሉን በጀሶ ለሰንሁት። የኔታ አይተው «ይህማ አንጀት ነው!» አሉ። እውነትም አንጀት ይመስል ነበር። የታጠፈው ሐዲድ ግን እሺ አለኝ።

አያን የኔታ ራሳቸው ሄደው ለመኗቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበታቸው በጋሪ መጥቶ ከዳገቱ ጫፍ ታሰረ፤ እሳቸውም በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። እኔ እንዳወቅሁ አልነገርኋቸውም፤ «ዳገትዎን አምጥቻለሁ» ብቻ አልሁ። እጃቸውን ገደሉ ላይ እያስኬዱ እስከ ጫፉ ወጡ። «ይኸ መታጠፊያ ትንሽ ጠባብ ነው» አሉ። ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው፤ ምስጋናቸው እንደዚያ ነው።

መስኮቶቹን ዘጋን፤ የባቡሯን ማስነሻና ማቆሚያ እኔ ያዝሁ። አዳራሹ ሲጨልም የሞተሯ መብራት ብቻ ቀረ። ከቆላ ድባ ተነሣች፣ ጎንደርን አለፈች፣ ዳገቱን ያዘች። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ መንኮራኩሯ ተንሸራተተ። መሐል ላይ ቆመች። አያ ከአግዳሚው ላይ «አታጣድፋት። ጭነቷን ቀንስላት» አሉ። ሁለት ፉርጎ ፈታንላት። እያማጠች ተነሣች።

«አየኋት» አሉ አያ።

ያቺ ትንሽ መብራት ዞራ ትጠፋለች፣ ከፍ ብላ ብቅ ትላለች፣ ደግሞ ትጠፋለች፤ አያ አንገታቸውን እያዘነበሉ ይከተሏታል። የመጨረሻውን መታጠፊያ ጨርሳ ሜዳው ላይ ወጣች፤ የገበያውን ጥግ አለፈች፤ የእናታቸውን አጥር አበራችው።

አያ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ፣ ከኋላ ወንበር እንደሚጣራ መንገደኛ፣

«ወራጅ አለ» አሉ።

አቆምሁላቸው።