የማይቃጠለው ቋጠሮ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሽቦው የተበጠሰባትን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛ መጣች። ሸክላውን ስገለብጠው የተቃጠለ መዳብ ሸተተኝ፤ ሳላስበው በሐሳብ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ።

ጊዜው ክረምት ነበር፣ እዚያ «ኸሪፍ» የሚሉት። የገዳሪፍን ዋልካ ያላየ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል፤ እንኳን መኪና አህያም ውጦ ያስቀራል። እኔ ወደ ካርቱም መሻገሪያ እስካገኝ ኑረዲን በሚባል የመተማ ነጋዴ ሱቅ ዕቃ እሸከም ነበር። በዚያ ዝናብ ሚስቱ ዘይነባ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ከማሽላ ራስ ብዙም አትበልጥም። መንገዱ ተዘግቶ ሐኪም ቤት መድረስ አልተቻለም፤ ያዋለደቻት ጎረቤት «ሙቀት ካልተለያት ትተርፋለች» አለችን። ውሃ እያፈላን፣ በጠርሙስ እየሞላን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ዙሪያዋን እንደረድር ጀመር። ከሰሉን ጎርፍ ስላበሰበሰው ያለን አንድ የኤሌክትሪክ ሸክላ ምድጃ ብቻ ነበር። እሱም የመብራቱ ገመድ ከሚግለው ሽቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተቃጠለ።

መዳቡን ጠምዝዤ አሰርኩት፤ ጠቁሮ ተፈረፈረ። በእርሳስ በየድኩት። በጋለ ምድጃ ላይ እርሳስ! እንደ ቅቤ ቀልጦ ወረደ።

«ወንድም ዓለም፣ እጇ እየቀዘቀዘ ነው» አለች ዘይነባ።

«አይዞሽ እታለም፣ አሁን ይነሳል» አልኳት። እንዴት እንደሚነሳ ግን አላውቅም ነበር።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሚግለው ሽቦ በራሱ ላይ ተጠማዝዞ የወፈረበት ቦታ፣ ሌላው ሲግል እሱ አይቀላም ነበር። ጫፉን ዘርግቼ፣ አጥፌ፣ በፒንሳ ገመድኩት። ያንን የተገመደ ጫፉን ከሸክላው አውጥቼ፣ ግለቱ በማይደርስበት፣ ከመዳቡ ጋር በሁለት ክብ የብረት ሮንዴላ መሃል በቡሎን አጠበቅኩት። ምድጃው ቀላ፤ ቋጠሮው ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ኑረዲን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ውሃው ፈላ፣ ጠርሙሶቹ ሞቁ፣ ልጅቱም አፏን ወደ ጡት አዞረች።

ትንሽ ቆይቶ ምድጃው ጠቆረ። ቋጠሮውን ለማየት ተንደረደርኩ።

«ተወው፣ ካህረባው ነው» አለ ኑረዲን ከበሩ ላይ፤ «የሰፈሩ መብራት በሙሉ ኸላስ፣ ጠፍቷል።»

ያን ቀን መብራቱ አልተመለሰም። እናቷ ገላዋ ላይ ለጠፈቻት፤ እኛም ያለንን ልብስ ሁሉ ደረብንላቸው። ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ሳይሰገድ ልጅቱ ዝም አለች። ቋጠሮዬ ተበላሽቶ ቢሆን ራሴን እረግም ነበር፤ እሱ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምኖረው በዚህ ሥራ ነው። ሰዎች «የሱ ቋጠሮ አይቃጠልም» ይላሉ። ማን አስተማረህ ሲሉኝ «አንዲት ልጅ» እላቸዋለሁ፣ ስሟን ይጠይቁኛል። በእነ ዘይነባ ወግ ለልጅ ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው። እሷ የመጣችውም የሄደችውም በአንድ ቀን ነበር።