የአሥረኛው ደረጃ ዙሪያ

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ልጄ ቤት ስሄድ የልጅ ልጄ ሶስና ዓይኗ በእንባ ሞልቶ የቤት ሥራዋን በላጲስ ልታጠፋ ስትል ደረስኩ። ጥያቄው ጎናቸው አንድ አንድ በሆኑ ሳጥኖች የተሠሩ ደረጃዎች ነው። የመጀመሪያው አንድ ሳጥን ነው፤ ሁለተኛው ከታች ሁለት ከላይ አንድ፤ ሦስተኛው ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ እያለ ያድጋል። የአሥረኛው ዙሪያ ስንት ይሆናል? እሷ አርባ ብላለች፤ ጓደኞቿ ሁሉ ሌላ ቁጥር አመጡ። ደሜ ፈላ። ይህ ጥያቄ እኔንም ከትምህርት ቤት ሊያስቀረኝ ነበር።

ሰበታ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። መስከረም ነው፤ ጭቃው ገና አልጠነከረም፤ ጠዋት ጠዋት ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን እንገባለን። የሒሳብ መምህራችን ይህንኑ ጥያቄ ሰጡን። ክፍሉ በሙሉ አሥሩን ደረጃ እየሣለ በጣቱ ሲቆጥር፣ እኔ ሳልሥል አርባ ብዬ ጽፌ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። መልሱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ እርሳስ ልቀርጽ ስነሣ በዚያ በኩል አልፌያለሁ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ዜሮ ሰጡኝና «ኮርጄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ካልፈረምኩ ክፍል እንደማልገባ ነገሩኝ። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አፌ አያርፍምና ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ አባቴን አስጠርቼው ነበር፤ ሦስተኛ ጊዜ ከተጠራ እቤት እንደሚያስቀረኝ ምሏል።

አባቴ ኦቦ ቶሎሳ ከእርሻው ሌላ የሰው አጥር ያጥር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ገመዱን ይዤለት እዞራለሁ። የመሬቱ ጠርዝ ደረጃ እየሠራ ወደ ውስጥ ቢገባ እያንዳንዱን መታጠፊያ አይለካም፤ ማዕዘኑን እንደሞላ ቆጥሮ ዳርዳሩን ይለካና አጠናውን በዚያ ልክ ያስመጣል። ባለመሬቶቹ ይጎድላል ብለው ያጉረመርማሉ። አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም፤ ወደ ውስጥ የገባው እጥፋት ሁሉ ተገፍቶ ቢወጣ የጎደለውን ማዕዘን ልክክ አድርጎ ይሞላዋል።

በማግስቱ አባቴ ትምህርት ቤት መጣ፤ ገመዱ እንደ ልማዱ ከኮቱ ኪስ ነው። ማንበብ ስለማይችል መምህሩ የዘረጉለትን ወረቀት አላየውም። እኔን አየኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ኮርጀሻል?»

«አልኮረጅኩም። ካንተ አጥር ነው የተማርኩት። አልፈርምም።»

አባቴ ገመዱን አወጣ። ወለሉ ላይ ሦስተኛውን ደረጃ በጠመኔ ሣልኩ። እሱ ገመዱን በዙሪያው አዙሮ ዙሩ ያለቀበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ያዘ። ቀጥዬ የደረጃውን ማዕዘን ሞልቼ ሙሉ አራት ማዕዘን አደረግሁት፤ እንደገና አዞረው። ዙሩ እዚያው አውራ ጣቱ ላይ አለቀ።

«ዙሪያው የታችኛው ጎን አራት እጥፍ ነው ጋሼ» አልኳቸው መምህሩን። «መቶኛውን ቢጠይቁኝም አራት መቶ እላለሁ።»

መምህሩ ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። አሠራርሽን አላሳየሽም ብለው ግማሽ ማርክ ሰጡኝ፤ እኔም እስከ ጥቅምት ተመላልሼ አስሞላሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገመድ ያዡ አባቴ ሆነ፤ ለኪዋ እኔ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ እስኪያድር መጠበቅ አልወድም፤ ያን ቀን ፈርሜ ቢሆን ኖሮ እቤት ቀርቼ ነበር። ሶስናን ክር አምጪ አልኳትና ደረጃውንም፣ ሙሉውን አራት ማዕዘንም በራሷ እጅ አስለካኋት። ሁለቴ ለካች፤ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ አርባውን በእስክሪብቶ አስደመቅኳት። ላጲሱን ይዤው መጥቻለሁ፤ አልመልስላትም።